ሙሉ ግቢ፣ ክፍል በክፍል ወይስ ከነዕቃው? ቤት ከማከራየትዎ በፊት የሚሠራ ሒሳብ

አዲስ አበባ ውስጥ የሚከራይ ቤት ያለው ሰው ደላላ ደጁ ሲቆም መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ያወጣል?» ብሎ ነው። ድሮ ይህ ይበቃ ነበር። ዋጋው ዝቅ ብሎ ቢገኝ በስድስተኛው ወር ይጨመራል፤ ተከራዩ ካልተመቸ «ልጄ ሊያገባ ነው፣ ቤቱን ፈልጌዋለሁ» ተብሎ ይሸኛል፤ ተከፋፍሎ የተከራየው ግቢም በወር ማስጠንቀቂያ ተመልሶ አንድ ይሆናል።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ መንገድ ጠቧል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ዘመኑ ከሁለት ዓመት ማነስ አይችልም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ኪራዩ የሚከፈለው በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ተቆጣጣሪው አካል ይፋ ከሚያደርገው መጠን አያልፍም። ተከራይ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መውጣት ይችላል፤ አከራይ ግን ሕጉ የዘረዘረው ምክንያት ሳይኖረው በመሀል ማስወጣት አይችልም።

እንግዲህ ቤቱን በምን መልክ፣ ለማን፣ በስንት ማከራየት እንዳለብዎ የሚወስኑት አንዴ ነው፤ ከዚያ ሁለት ዓመት አብረውት ይኖራሉ። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር የሚመዝነው በወር የሚገባውን ብር ብቻ አይደለም። በዓመቱ መጨረሻ እጅ ላይ የሚቀረውንና ነገር ሲበላሽ መመለስ የሚቻለውን ጭምር ነው።

አንድ ግቢ፣ ሦስት ሒሳብ

ባለ ሦስት መኝታ ዋና ቤት፣ ከኋላ የተደረደሩ ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች፣ አንድ የመብራት ቆጣሪ፣ አንድ የውኃ መስመር፣ አንድ የሽንት ቤት ጉድጓድ ያለው ግቢ እንውሰድ። ዋጋዎቹ ለስሌት ያህል የተቀመጡ ናቸው፤ በሰፈርዎ ዋጋ እየተኩ ይሥሩት።

ሙሉ ግቢው ለአንድ ቤተሰብ በ55,000 ብር ቢከራይ በዓመት 660,000 ብር ይገባል። ተከፋፍሎ ዋናው ቤት በ40,000፣ ሰርቪሶቹ እያንዳንዳቸው በ6,000 ቢከራዩ ደግሞ በወር 58,000፣ በዓመት 696,000 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 36,000 ብር ነው። ደላላውም ይህን ቁጥር ነው የሚያሳየው። ከሰርቪሶቹ አንዱ በዓመት ሁለት ወር ባዶ ቢያድር 12,000 ብሩ ሄደ። በቀረው 24,000 ብር ተጨማሪ የውኃ ማጠራቀሚያ፣ የመብራት መስመር ማስተካከያና ቶሎ ቶሎ የሚሞላ ጉድጓድ ማስመጠጫ መሸፈን አለበት። በመጀመሪያው ዓመት አይሸፍንም።

ከነዕቃው በ80,000 ብር የሚከራይ ከሆነ በወረቀት ላይ 960,000 ብር ያምራል። ግን አልጋው፣ ፍራሹ፣ ሶፋው፣ ፍሪጁ፣ ልብስ ማጠቢያው፣ ቴሌቪዥኑና መጋረጃው 700,000 ብር ቢፈጅና ዕድሜው አምስት ዓመት ቢባል፣ በየዓመቱ 140,000 ብር ከኪራዩ ላይ ይቀነሳል። ከሙሉ ግቢው 660,000 ብር ጋር እኩል ለመድረስ በዓመት 800,000 ብር መሰብሰብ ያስፈልጋል፤ ለ80,000 ሲካፈል አስር ወር ነው። ቤቱ በዓመት ከአስር ወር በታች የሚያዝ ከሆነ የዕቃው ነጋዴ እንጂ እርስዎ አላተረፉም። ጽዳት፣ ዘበኛና ኢንተርኔት ገና አልተቆጠሩም።

ሦስቱም ሒሳብ ላይ ግብር አለ። የቤት ኪራይ ገቢ ግብር በእርከን የሚሰላ ሲሆን ከፍተኛው እርከን 35 በመቶ ነው። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ይቆጠራል። የጣሪያና ግድግዳ ግብሩም የባለቤቱ ነው። ውሉ ወረዳ ስለሚመዘገብና ብሩ በባንክ ስለሚያልፍ ግብሩን ያላካተተ ዋጋ ይዞ መደራደር ራስን ማታለል ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ብልጠት አለ። የሚመዘገበው ውል ላይ 30,000 ተጽፎ 55,000 መቀበል። ከግብሩ ጥያቄ ውጭ እንኳ ቢታይ ብልጠቱ በአከራዩ ላይ ይዞራል። ተከራዩ በሦስተኛው ወር 30,000 ብር ብቻ ባንክ ቢያስገባ አከራዩ የሚከስበት ወረቀት የለውም። የሚቀጥለው ዓመት ጭማሪም የሚሰላው ከ30,000 ተነሥቶ ነው።

ክፍል በክፍል፦ ጠቡ የሚነሣው ከቆጣሪው ነው

ሰርቪስ ማከራየት የሚያዋጣበት ሁኔታ አለ። ባለቤቱ ራሱ ዋናው ቤት ውስጥ የሚኖር ከሆነ ከዚህ የተሻለ የለም። ግቢው አይከፈትም፣ ክፍሎቹ አይቦዝኑም፣ ትንሹ ብልሽት በዓይን ይታያል። ችግሩ ባለቤቱ ሌላ ሰፈር ወይም ሌላ አገር ሆኖ አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ላይ ሲቀመጥ ነው።

የመኖሪያ ቤት የመብራት ታሪፍ እርከን አለው። ከ50 ኪሎዋት ሰዓት ተነሥቶ በ100፣ በ200፣ በ300፣ በ400 እና በ500 ላይ ደረጃው ይለወጣል፤ ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል። አራት ቤተሰብ እያንዳንዱ በወር 120 ቢጠቀም፣ በየራሱ ቆጣሪ ቢሆን ሁሉም ዝቅተኛ እርከን ላይ ይቀር ነበር። በአንድ ቆጣሪ ግን ድምሩ 480 ነውና ሁሉም የሚከፍለው በውዱ ዋጋ ነው። ከዚያ «እኔ ብቻዬን ነኝ፣ እነሱ ስድስት ናቸው» ይመጣል። ባለ ፍሪጁና ባለ አንድ አምፖሉ በነፍስ ወከፍ ሲከፍሉ የሚቀየመው አይጠፋም።

መፍትሔው በየክፍሉ የምትገጠም ትንሽ ቆጣሪ ናት። ወር ሲሞላ የዋናው ሒሳብ ጠቅላላ ብር በጠቅላላው ኪሎዋት ሰዓት ይካፈላል፤ የተገኘው በየክፍሉ ንባብ ይባዛል። የክፍሎቹ ድምር ከዋናው ቢያንስ ልዩነቱ የውጭ አምፖልና የውኃ ፓምፕ ነው፤ እሱን ለሁሉም እኩል ማካፈል እንዲቻል በውሉ ላይ አስቀድሞ ይጻፍ። ከዚህ ይበልጥ ሰላም የሚሰጠው ግን ለየቤቱ የቅድመ ክፍያ ካርድ ቆጣሪ ማስገባት ነው፤ ካርድ የሞላ ያበራል፣ ያልሞላ ይጨልምበታል፣ ባለቤቱ መሀል አይገባም። ድኅረ ክፍያ የሆነ ቆጣሪ በባለቤቱ ስም ስለሆነ ተከራይ ሳይከፍል ቢወጣ ዕዳው ቆጣሪው ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ሁለተኛው ነገር ምጣድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ያህል ነው። ኋላ ላይ የተሠሩ ብዙ ሰርቪሶች መብራታቸውን የሚያገኙት ከዋናው ቤት በተጎተተ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ሲሆን ይህ ገመድ ለአምፖል እንጂ ለምጣድ የተሰላ አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ቤት ሊጥ አቡክቶ ሦስት ምጣድ አንድ ላይ ሲለኮስ 48 አምፔር ይደርሳል። መጀመሪያ ብሬከሩ ይወርዳል። ቀጥሎ «ብሬከሩ ደካማ ነው» ተብሎ በትልቅ ይቀየራል። ዋናው ጥፋት የሚፈጸመው ያን ጊዜ ነው፤ ብሬከሩ አልወርድም ሲል የሚቀልጠው ገመዱ ነው፣ ያውም ግድግዳ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም ሁለት ሽቦ ተጠማዝዞ በፕላስተር የታሰረበት ቦታ ላይ። ሶኬቱ ጠርዝ ላይ ቡናማ ከሆነ፣ ወይም እንጀራ ሲጋገር የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚሸት ከሆነ መስመሩ ለመቃጠል ደርሷል። ለምጣድ ራሱን የቻለ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ በራሱ ብሬከር መዘርጋት ወይም አንድ የጋራ ማዕድ ቤት ሠርቶ አንድ ምጣድ ማስቀመጥና ቀን ማከፋፈል ይቻላል። ሁለተኛው ይረክሳል፤ የጸሎት ያህል ትዕግሥት ግን ይጠይቃል።

ውኃም እንዲሁ ነው። አምስት ሰው በቀን 50 ሊትር ቢጠቀም 250 ሊትር ነው። በሰፈሩ ፈረቃ ውኃ ሦስት ቀን የሚጠፋ ከሆነ 750 ሊትር ያስፈልጋልና የ1,000 ሊትር ሮቶ ይበቃል። ክፍሎቹ ተከራይተው ነዋሪው 11 ሲሆን ግን ሦስቱ ቀን 1,650 ሊትር ይጠይቃል፤ የ2,000 ሮቶ ማለት ነው። ሞልቶ ሁለት ቶን ይመዝናል። በጭቃ ቤት ግድግዳ ወይም በቆርቆሮ ጣሪያ እንጨት ላይ አይሰቀልም፤ በኮንክሪት ወይም በብረት መቆሚያ ላይ ነው የሚቀመጠው። ይህ የማይታሰበው ብዙ ጊዜ ሰርቪሱ ግድግዳ ላይ ስንጥቅ እስኪታይ ድረስ ነው።

ደባል ወይስ ቤተሰብ?

ኮንዶሚኒየም ላይ ጥያቄው መልኩን ይቀይራል። ሰርቪስ የለም፤ ያለው ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት መኝታ ቤት ነው፤ የሚጠይቁትም ወይ አንድ ቤተሰብ ወይ ተሰባስበው የሚከራዩ ላጤዎች ናቸው። ላጤዎቹ በድምር የተሻለ ዋጋ ይሰጣሉ፣ ቤቱን ቀን ቀን ባዶ ስለሚተዉትም ብዙ አያጎሳቁሉትም። ቤተሰብ ይረጋጋል፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ከገቡ በቀላሉ አይነሣም።

ለደባሎች ማከራየት የሚበላሸው በአንድ ነገር ነው። አከራዩ ከእያንዳንዱ ጋር ለየብቻ፣ በየመኝታ ክፍሉ ይዋዋላል። አንዱ ሲወጣ የሱ ድርሻ ይጎድላል፣ የቀሩት «የኛን ከፍለናል» ይላሉ፣ ሳሎኑን ያቆሸሸው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ቤቱ በአንድ ውል ይከራይ፤ ሁሉም ይፈርሙ፤ ውሉም «በአንድነትና በነጠላ ኃላፊዎች ናቸው» ይበል፤ ሙሉው ዕዳ ከማናቸውም ሊጠየቅ ይችላል ማለት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1896 መሠረት የአንድ ዕዳ ተገዳዮች በአንድነት ኃላፊ እንደሆኑ ይገመታል፤ ቢጻፍ ግን ክርክሩ ያጥራል። ከመሀላቸው አንዱ ቢወጣ ተተኪ የማምጣቱ ራስ ምታት የነሱ ይሆናል። ተተኪው ግን በአከራዩ የጽሑፍ ፈቃድ እንጂ በዝምታ እንዳይገባ አንድ መስመር ይጨመር፤ ካልሆነ በዓመቱ ከማያውቁት አራት ሰው ጋር ይገናኛሉ።

የሕንፃው ማኅበር የሚጠይቀው የጥበቃ፣ የጽዳትና የፓምፕ መዋጮም ከዋጋው ጋር ይነገር። ለማኅበሩ ባለዕዳው የቤቱ ባለቤት ነው፤ ተከራዩ ሳይከፍል ስድስት ወር ቢቆይ ደብዳቤው የሚመጣው ለእርስዎ ነው። በብዙዎቹ የ20/80 ሕንፃዎች ሊፍት የለም፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ የውኃ ግፊቱ ደካማ ነው። ለእንዲህ ያለው ቤት ፓምፕና ማጠራቀሚያ አስቀድሞ አስገብቶ ትንሽ ከፍ ባለ ዋጋ ማከራየት፣ በባዶው ረክሶ ከመሄድ ይሻላል። ዋጋው በኋላ እንደልብ አይነሣማ።

ከነዕቃው ሲከራይ

ይህ መንገድ በተለይ ውጭ አገር የሚኖሩ ባለቤቶችን ይስባል። ክረምት መጥተው በቤታቸው ማረፍ ይፈልጋሉ፣ በቀረው ጊዜ ቤቱ ገቢ ያምጣ ይላሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይደባለቃሉ። ለመኖሪያ እስከተከራየ ድረስ ሶፋና ፍሪጅ መግባቱ ውሉን ከምዝገባ አያስቀረውም፤ ሁለት ዓመቱም ይሠራል፤ ነሐሴ ላይ «መጥቻለሁ፣ ሁለት ወር ልቀቁልኝ» የሚባል ነገር የለም። በቀን ወይም በሳምንት እንግዳ እየተቀበሉ ማሳደር ደግሞ የእንግዳ ማረፊያ ሥራ ነው፤ የንግድ ፈቃድ፣ የንግድ ግብርና በየቀኑ ቤቱ አጠገብ የሚገኝ ሰው ይጠይቃል። በእህትዎ ትርፍ ጊዜ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

በዓመት አንዴ መጥቶ ማረፍ ዋናው ፍላጎት ከሆነ የሚሻለው መሀል መንገድ ነው። ዋናውን ቤት ማከራየትና አንድ ሰርቪስ ከነመታጠቢያው ከውሉ ውጭ አድርጎ ለራስ መያዝ። በውሉ ላይ «ከግቢው በስተኋላ ያለው አንድ ክፍል የአከራዩ ነው፤ በዋናው በር ይገባበታል» ብሎ መጻፍ ግድ ነው። ካልተጻፈ «ግቢውን ተከራይቻለሁ» የሚል ተከራይ ትክክል ነው።

ከነዕቃው ማከራየት ከተወሰነ ዝርዝሩ ከውሉ ይረዝማል። «ፍሪጅ 1» ብሎ መጻፍ ምንም ማለት አይደለም። ስንት ሊትር፣ የማን ምርት፣ ባለ ስንት በር፣ በርበሬ የሚመስል ዝገት ጎኑ ላይ አለ ወይስ የለም ተብሎ ይጻፍ። ፍራሹ ተገልብጦ ሁለቱም ፊት ፎቶ ይነሣ። ምንጣፍና ነጭ ሶፋ ባይገቡ ጥሩ ነው፤ ከሰል ላይ ቡና የሚፈላበት ሳሎን ውስጥ ነጭ ነገር አንድ ዓመት አይደፍንም።

ለድርጅት ማከራየት

ለሠራተኛው ማደሪያ የሚከራይ ድርጅት በባንክ ይከፍላል፣ ወር አያሳልፍም፣ በር ላይ ቆሞ አይከራከርም። የሚጠይቀው ሕጋዊ ወረቀት ነው፤ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ደረሰኝ። ካርታው በአያት ስም ያለ፣ ውርሱ ያልተጣራ ቤት ከዚህ በር ይመለሳል። ድክመቱ ደግሞ የፕሮጀክት በጀት ሲዘጋ አብሮ መዘጋቱ ነው። ድርጅቱ ክፍል አፍርሶ ወይም ኮምፔንሳቶ ተክሎ ከሆነ ሲወጣ ማን እንደሚያፈርስ ቀድሞ ይወሰን። ቢሮ ሊያደርገው ከፈለገ ከመኖሪያ ወደ ሌላ አገልግሎት መለወጥ ነውና ፈቃዱ ተጠይቆ ነው ፊርማ የሚደረገው።

ባለቤቱ ሩቅ ሲሆን፦ ዘመድ፣ ደላላ ወይስ ተወካይ

ደላላ ተከራይ ማምጣት ይችላል፤ ቤት ማስተዳደር ሥራው አይደለም። የሚከፈለው ተከራይ በገባ ቁጥር ስለሆነ ተከራይ በቆየ ቁጥር አይጠቀምም። ኮሚሽኑን ከማን፣ ስንት፣ መቼ እንደሚወስድ ቤቱን ከማሳየቱ በፊት በቁጥር ይነጋገሩ። የቤቱን ቁልፍ አይያዝ።

ዘመድ በርካሽ ይመጣል፣ ግን ለመጠየቅ ያስቸግራል። አጎት ኪራዩን ተቀብሎ ለሕክምና ቢያውለው ማን ይከሰዋል? ስለዚህ ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። ሰውየው ይቆጣጠር፣ ይፈርም፣ ጥገና ያሠራ፤ ኪራዩ ግን በቀጥታ በባለቤቱ ስም ወዳለ የባንክ ሒሳብ ይግባ። አዋጁ ክፍያውን በባንክ ማድረጉ ለሩቅ ባለቤት የጠቀመው እዚህ ላይ ነው። ለጥገና የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ለተወካዩ በየሦስት ወሩ ይላካል፣ በደረሰኝ ይወራረዳል።

ውክልናው የሚጻፈው በሚኖሩበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ነው፤ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከዚያም በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ በኩል ያልፋል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2204 ከሦስት ዓመት ያልበለጠ ኪራይና የኪራይ ገንዘብ መሰብሰብ ተራ የአስተዳደር ሥራ ተደርጎ ይቆጠራልና ጠቅላላ ውክልና ይበቃዋል። ፍርድ ቤት መክሰስና መከሰስ ግን በግልጽ ካልተጻፈ የለም። ቢሮ ውስጥ እንዳይመላለሱ «ማከራየት፣ ውል መፈራረምና ማስመዝገብ፣ ግብር መክፈል፣ የመብራትና የውኃ ጉዳይ መጨረስ፣ በፍርድ ቤት መክሰስና መከራከር» ተብሎ ይዘርዘር። ጸሐፊው ከልማድ «መሸጥ፣ መለወጥ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ሊጨምር ይችላል። ቤት ለማከራየት አያስፈልጉም፤ ከመፈረምዎ በፊት ይሠረዙ።

የትኛውም ቢመረጥ ውሉ ላይ የማይቀር

ባለትዳር ከሆኑ የሁለታችሁም ፊርማ ያስፈልጋል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ማከራየት የባልና ሚስትን ስምምነት ይጠይቃል። አንዱ ብቻውን የፈረመው ውል ጠብ በመጣ ቀን ይነሣል። ከተዋዋዮቹ ሌላ ሁለት ምስክሮች ይፈርሙ።

ቅድሚያ ክፍያ በሁለት ወር ስለተገደበ የዋስ ነገር ክብደቱ ጨምሯል። ደመወዝተኛ ዋስ ይጠየቅ። ብዙ ውል ላይ «አቶ እገሌ ለተከራዩ ዋስ ሆነዋል» ይባልና ይታለፋል። ይህ ባዶ ወረቀት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 መሠረት ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም። «እስከ 200,000 ብር ድረስ» የምትል አንዲት ሐረግ ናት ወረቀቱን ዋስትና የምታደርገው።

ጥገና ላይ የፍትሐ ብሔር ሕጉ እስካሁን ጥሩ መለኪያ ነው። የበር፣ የመስኮት፣ የወለል ንጣፍና የቧንቧ ጥቃቅን ጥገና የተከራይ ነው፤ በዕድሜና በተገቢ አጠቃቀም ያለቀው ግን የአከራይ ነው። ጠብ የሚነሣው መሀሉ ላይ ነው። የሽንት ቤት ጉድጓድ ሞላ፣ የማን ነው? ፓምፕ ተቃጠለ፣ የማን ነው? የሻወር ማሞቂያው ኖራ ይዞት ተበሳ፣ የማን ነው? ሦስቱን በስማቸው ይጻፉ። ሚዛናዊ የሚመስለው ማስመጠጫውን ተከራይ፣ ፓምፑንና ማሞቂያውን ባለቤት ቢችል ነው። የፓምፑ ብልሽት ውኃ በሌለበት ደረቅ ሲሽከረከር የመጣ ከሆነ ግን ወደ ተከራዩ ይዞራል። ይህን ጠብ ያለ ጭቅጭቅ የሚያስቀረው ሮቶው ሲጎድል ፓምፑን የሚያቆም ተንሳፋፊ ማብሪያ ነው፤ ከፓምፑ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ምንም አይደለም።

ተከራይ ሲመረጥ የመታወቂያውንና የሥራ ቦታውን ማስረጃ ማየት ተገቢ ነው፤ ከዚያ የሚበልጠው ግን የቀድሞ አከራዩን ስልክ ጠይቆ መደወል ነው። የአሁኑን ሳይሆን ከሱ በፊት የነበረውን። የአሁኑ ሊገላገለው ፈልጎ ሊያመሰግነው ይችላል።

ቁልፍ የሚሰጥበት ቀን ተከራዩ ዕቃውን ከመኪና ሳያወርድ ቤቱ ባዶውን አብረው ይዞሩታል። ሁሉም ቧንቧ አንድ ላይ ይከፈት፤ ሽንት ቤቱ ሁለት ጊዜ ይለቀቅ፤ ምጣድ ተሰክቶ አሥር ደቂቃ ይብራና ሶኬቱ በእጅ ጀርባ ይዳሰስ። የመብራቱና የውኃው ቆጣሪ ቁጥርና ንባብ፣ ካርድ ከሆነ የቀረው ሒሳብ፣ የተሰጡት ቁልፎች ብዛት በአንድ ወረቀት ይጻፋል፤ ሁለት ቅጂ፣ ሁለት ፊርማ። የቆጣሪው ፎቶ የዚያኑ ቀን በተከራዩ ስልክ ተነሥቶ ለባለቤቱ ይላክ፤ ቀኑና ሰዓቱ መልእክቱ ላይ ይቀራል።